አቼቶ፣ ሶዳና በረኪና

በአንድ የዒድ ዋዜማ በቤታችን የሆነውን እናስቀድም። ቤት ሲጸዳ ታናሽ እህታችን የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ይበልጥ እንዲነጣ ብላ በረኪናና አቼቶ በአንድ ባልዲ ቀላቀለች። ብዙም ሳይቆይ ዓይኗ እያነባ፣ ሳል እያጣደፋት ወጣች። መስኮቱን ሁሉ ከፍተን፣ እሷንም ደጅ አስቀምጠን ተሻላት፤ አልሐምዱሊላህ። «ሁለቱም የሚያጸዱ ናቸው፤ ሲደመሩ ምን ክፋት አላቸው?» ነበር ያለችን። ስለ አሲድና ቤዝ በትምህርት ቤት ተምራለች፤ የተማረችው ግን በጥቁር ሰሌዳ ላይ እንጂ በማድ ቤት አልነበረም።

እንግዲህ ከማድ ቤት እንጀምር። በምግባችን ውስጥ የሚጎመዝዘው ሁሉ ማለት ይቻላል አሲድ አለበት፤ በሎሚ ሲትሪክ አሲድ፣ በአቼቶ አሴቲክ አሲድ፣ በእርጎና በእንጀራ ደግሞ ላክቲክ አሲድ ይገኛል። ቤዝ የሚባሉት በአንጻሩ መረር የሚሉና በጣት መካከል የሚያሟልጩ ናቸው፤ ሳሙናን ማሰብ ይበቃል። በውሃ የሚሟሙት ቤዞች አልካሊ ይባላሉ። ቃሉ የመጣው ከዐረብኛው «አል-ቀሊ» ሲሆን ትርጉሙም የተቃጠለ ዕፅ አመድ ማለት ነው። እናቶቻችን ድስት በአመድ ሲፈትጉ በአልካሊ መጠቀማቸው ነበር ማለት ነው።

አሲድና ቤዝ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ኃይል ያጠፋል፤ የሚቀረውም የጨው ዓይነትና ውሃ ነው። ሶዳ ላይ አቼቶ ሲፈስ የሚንተከተከው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ሁለቱን ደባልቀው «ኃይለኛ ማጽጃ» ሠራን የሚሉ ሰዎች፣ አረፋው ሲያበቃ በእጃቸው የሚቀረው በአብዛኛው ጨዋማ ውሃ መሆኑን ቢያውቁ አቼቶአቸውን ለሰላጣ ባስቀሩ ነበር!

የበረኪናው ነገር ግን ቀልድ አይደለም። በረኪና ሶዲየም ሃይፖክሎራይት የሚባል ውሕድ ሲሆን ሳይበላሽ የሚቆየው በጠንካራ ቤዝ ውስጥ ነው። አቼቶ ወይም ሎሚ ሲጨመርበት ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ይህ ጋዝ በ1915 እ.ኤ.አ. በአንደኛው የዓለም ጦርነት በቤልጂየም ኢፕር አካባቢ በወታደሮች ላይ የተለቀቀው ነው። በአሞኒያም ላይ ሲፈስ ሌላ መርዘኛ ጋዝ ይፈጠራል፤ አሞኒያ ደግሞ በቆየ ሽንት ውስጥ አለ። ስለዚህ ሽንት ቤት በመጀመሪያ በብዙ ውሃ ይታጠብ፤ በረኪናውም ለብቻው፣ በር ተከፍቶ ይፍሰስ።

በረኪናን በውሃ ፕላስቲክ መገልበጥ በብዙ ቤት የተለመደ ነው፤ እኛም እናደርገው ነበር። የተጠማ ሕፃን ግን ከውሃ አይለየውም። አንድ ልጅ ቢጠጣው አፉን አጉመጥምጦ ሳይዘገይ ወደ ሕክምና መውሰድ እንጂ ማስታወክ አይገባም፤ የወረደው ሲመለስ ጉሮሮውን ዳግም ያቃጥላልና። «ቤዝን አሲድ ያጠፋዋል» ብሎ ሎሚ ማጠጣትም ስሕተት ነው፤ ሁለቱ ሲገናኙ ሙቀት ይፈጥራሉ። ዓይን ውስጥ ከገባም ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በሚወርድ ንጹሕ ውሃ አጥቦ ወደ ሐኪም ነው።

ፉል ቶሎ እንዲበስል ሶዳ ጣል የምታደርጉ እህቶችም አላችሁ። እውነት ነው ያለሰልሰዋል፤ ነገር ግን ቫይታሚን ቢ1ን ያጠፋል። ባቄላውን ሌሊቱን መዘፍዘፍ ይሻላል። ቲማቲምና ሎሚ የበዛበት ወጥም በአሉሚኒየም ድስት ባያድር መልካም ነው፤ አሲዱ ብረቱን ቀስ በቀስ ይበላዋል።

ልጆች ይህን ሁሉ በዓይናቸው ማየት ከፈለጉ ከርከዴ አፍሉላቸውና በሁለት ብርጭቆ ቅዱላቸው። በአንዱ ሎሚ ሲጨመቅ ቅላቱ ይደምቃል፤ በሌላው ሶዳ ጣል ሲደረግ ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ይለወጣል። የእኛዋ ታናሽ እህት ይህን ከሞከረች ወዲህ የበረኪናውን ዕቃ ራሷ በቀይ ቀለም ጽፋበት ከላይኛው መደርደሪያ ሰቅላዋለች።