«ሲስተም ነው» መልስ አይደለም

መጋቢት 6 ለ7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች አካውንታቸው ውስጥ ካለው በላይ ብር ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። በየዩኒቨርሲቲው ተማሪው ኤቲኤም ላይ ተሰለፈ። በማግስቱ ወሬው ሁሉ «ትውልዱ ሌባ ሆነ» ሆነ። ባንኩም ገንዘቡን ያልመለሱ ሰዎችን ስምና ፎቶ ለጠፈ። ስለ ሲስተሙ ግን የተነገረን አጭር ነው፦ የሳይበር ጥቃት አይደለም፣ በማሻሻያ ሥራ ወቅት የተፈጠረ ችግር ነው።

የሰው ገንዘብ መውሰድ ነውር ነው፤ በዚህ አልከራከርም። የኔ ጥያቄ፦ በሩን ማን ከፈተው?

የባንክ ሥራ ዋናው ሕግ አንድ መስመር ነው፤ ከአካውንት የሚወጣው ካለው አይበልጥም። ይህን ሕግ መናገር ቀላል ነው፤ ማስጠበቁ ግን ይከብዳል። አካውንታችሁ ውስጥ 1,000 ብር አለ እንበል። ኤቲኤም ላይ 1,000 ጠየቃችሁ፤ በዚያችው ቅጽበት ከስልካችሁ 1,000 እንዲተላለፍ ታዘዘ። ሁለቱም ትእዛዞች ቀሪውን ያነባሉ፣ ሁለቱም «አለ» ይላሉ፣ ሁለቱም ይከፍላሉ። 2,000 ወጣ! ያን ሌሊት የሆነው ይህ ነው አላልኩም። እንዲህ ያለው ስህተት ግን ሺህ ጊዜ ተሞክሮም ላይታይ ይችላል፤ የሚመጣው ነገሮች በአንድ የተለየ ቅደም ተከተል ሲገጣጠሙ ብቻ ነውና።

ለዚህ መድኃኒት አለው። ኮድ ከመጻፉ በፊት የሲስተሙን ንድፍ በሒሳብ ቋንቋ መግለጽ፤ ከዚያ ሕጉ የሚጣስበት መንገድ እንዳለ ኮምፒውተሩ ራሱ እያንዳንዱን ቅደም ተከተል እየሄደ እንዲፈልግ ማድረግ። ሌስሊ ላምፖርት የተባለው የኮምፒውተር ሳይንቲስት ለዚህ ቲኤልኤ ፕላስ የሚባል ቋንቋ ሠርቷል። የአማዞን መሐንዲሶች ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምረው ይህን መንገድ ሲከተሉ፣ በዳይናሞ ዲቢ ንድፍ ውስጥ መረጃ ሊያጠፋ የሚችል ስህተት አገኙ። ስህተቱ ብቅ የሚለው 35 እርምጃዎች በተከታታይ ሲገጣጠሙ ነበር። የትኛው ሞካሪ ነው ይህን በእጁ የሚያገኘው? በ1998 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የፓሪስ ሜትሮ 14ኛ መስመር ደግሞ ሾፌር የለውም፤ የደኅንነት ሶፍትዌሩ የተሠራው «ቢ» በሚባል ዘዴ፣ በሒሳብ እየተረጋገጠ ነው።

«ይህ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው» የሚል አይጠፋም። ቲኤልኤ ፕላስ በነጻ ይወርዳል። የኛም የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ዲስክሪት ማቲማቲክስ ይማራሉ፤ ለፈተና።

ሒሳብ ተአምር እንዳልሆነም አውቃለሁ። የሚያረጋግጠው የተጠየቀውን ብቻ ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አቅራቢያ በበረራ 302 ላይ 157 ሰዎች አለቁ። የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች የገፋው ኤምካስ የተባለው ሶፍትዌር የሚያምነው አንድ ሴንሰር ብቻ ነበር። ሶፍትዌሩ የታዘዘውን አደረገ፤ ጥፋቱ ትእዛዙ ላይ ነበር። ንድፍን በጥብቅ ቋንቋ መጻፍ የሚጠቅመውም ለዚሁ ነው፤ «ሴንሰሩ ቢዋሽስ?» የሚለውን ጥያቄ ሰው ከመሞቱ በፊት ያስጠይቃል።

ገንዘባችን ስልክ ውስጥ ገብቷል፣ መታወቂያችን ፋይዳ ሆኗል። እንግዲያው ሦስት ነገር እንጠይቅ። ሲስተሙ ፈጽሞ ማድረግ የሌለበት ነገር በማያሻማ ቋንቋ ተጽፎ ይቀመጥ። ማሻሻያ ከመጫኑ በፊት ያ ሕግ እንደማይጣስ አረጋግጦ የሚፈርም ባለሙያ ይኑር። ሲበላሽም ምክንያቱ በዝርዝር ለሕዝብ ይነገር። ሕንፃ ሲደረመስ መሐንዲሱ ይጠየቃል፤ ሲስተም ሲደረመስ ግን የተጠየቀው ተሰላፊው ብቻ ነው።

ፎቶ መለጠፍ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ «ሲስተም ነው» ሲሏችሁ ዝም ብላችሁ አትመለሱ። የትኛው ሕግ ተጣሰ? እንደማይጣስ ያረጋገጠውስ ማን ነበር? በሉ።