ሥልጠናው ስብራቱ ወዳለበት ይሂድ

ለአጥንት ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስቶች፣ ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻን ለምትመሩ የጤና ሚኒስቴር ኃላፊዎች እና ለሆስፒታል ሥራ አስኪያጆች

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ኅሊናችሁን ለመጠየቅ ነው። በሀገራችን የጤና ባለሙያ ፈቃዱን ለማሳደስ የተከታታይ ሙያ ማጎልበቻ ነጥብ ማሟላት አለበት። ደንቡ ተገቢ ነው፤ በሕክምና ትናንት እውነት የነበረ ነገ ሊሻር ስለሚችል እኔም ከልቤ እደግፈዋለሁ። ነጥቡ የሚነግረን ግን ሐኪሙ ሥልጠና ላይ ስንት ሰዓት እንደተቀመጠ ነው። ከተመለሰ በኋላ ያከመው የጭን አጥንት ቀጥ ብሎ መግጠሙን፣ ቁስሉ አለማመርቀዙን፣ ገበሬው ወደ እርሻው መመለሱን አይነግረንም። ስለ አጥንት ስብራት የሚሰጠው ሥልጠና ስብራቱ መጀመሪያ ወደሚደርስበት ሆስፒታል እንዲወርድ፣ ውጤቱም በታካሚው እግር እንዲለካ እለምናችኋለሁ።

አዲስ አበባ ያለው ስፔሻሊስት ከክልል ተልኮ የሚመጣለት ስብራት አስቀድሞ ሌላ እጅ የነካው ነው። ከሞተር ሳይክል ወድቆ ቅልጥሙ ቆዳውን በስቶ የወጣ ወጣት መጀመሪያ የሚያገኘው የጤና ጣቢያ ነርስ፣ ቀጥሎም የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ተረኛ ጠቅላላ ሐኪም ነው፤ ወይም እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ከሠለጠኑት የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች አንዱን ነው። ለረጅም ዘመን ሲያስተምሩን የኖሩት ክፍት ስብራት በስድስት ሰዓት ውስጥ መታጠብ አለበት እያሉ ነው። በኋላ የወጡ ጥናቶች ግን ከሰዓቱ ይልቅ አጠባው በደንብ መሠራቱና አንቲባዮቲክ ቶሎ መጀመሩ እንደሚበልጥ አመለከቱ። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ከባድ ክፍት የቅልጥም ስብራት ደርሶባቸው አንቲባዮቲክ ከ66 ደቂቃ በኋላ በጀመሩት ላይ ኢንፌክሽኑ በርክቶ ታይቷል። እንግዲህ ተረኛው «ስፔሻሊስቱ ያየዋል» ብሎ መድኃኒቱን ሳይወጋ ሪፈር ከጻፈ፣ አምቡላንሱ መንገድ ላይ የሚፈጀውን ሰዓት የትኛውም የተካነ እጅ መልሶ አያመጣውም። ይህን ማወቅ የሚያስፈልገው ከሁሉ በፊት ተረኛው ነው።

አዲስ እውቀት ማለት ውድ መሣሪያ ማለት እንዳልሆነም ልብ በሉ። በዚያው በ2015 የታተመውና ከ2,400 በላይ የክፍት ስብራት ታካሚዎችን የያዘው «ፍሎው» የተባለ ዓለም አቀፍ ጥናት፣ ቁስሉን በሳሙና ውኃ ማጠብ ከተራው ኖርማል ሳላይን ይሻል እንደሆነ፣ ግፊት የሚሰጥ መሣሪያም ይጠቅም እንደሆነ ፈትኖ ነበር። ዳግመኛ ቀዶ ሕክምና ያስፈለጋቸው በሳሙና ከታጠቡት 14.8 በመቶ፣ በሳላይን ከታጠቡት ደግሞ 11.6 በመቶ ሆኑ። ግፊቱ ልዩነት አላመጣም። በሌላ አነጋገር የወረዳው ሆስፒታል መደርደሪያ ላይ ያለው የሳላይን ከረጢት ከፍ ብሎ ተሰቅሎ በራሱ ክብደት ቢወርድ ይበቃል። ይህን ያላወቀ ሐኪም ግን የማጠቢያ መሣሪያ የለኝም ብሎ ሳያጥብ ሊልክ ይችላል።

አጭር ሥልጠና እጅና እግር እንደሚያተርፍ የሚያሳይ ማስረጃ ከራሳችን ምድር አለን። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ የኢትዮጵያ ጥናት ለወጌሾች በተሰጠ አጭር ትምህርት ሳቢያ በጥብቅ ከማሰር የሚመጣው ጋንግሪን መቀነሱን አሳይቷል። ቀርቀሃው ክንዱ ላይ ተጠብቆ የታሰረበትን ልጅ አስቡት፤ ጣቶቹ አብጠዋል፣ ጥፍሩ ተጭነው ሲለቁት ቶሎ አይቀላም፣ የታጠፈውን ጣት ቀስ አድርገው ሲዘረጉለት ይጮኻል። ማሰሪያውን በዚያች ሰዓት የፈታለት ሰው ክንዱን ሊያተርፍለት ይችላል። የጀሶም ነገር ያው ነው። ለወጌሻው ያልነፈግነውን ትምህርት ለተረኛው ሐኪምና ለጀሶ አሳሪው እንዴት እንነፍጋለን?

ውጤትን በታካሚ መለካት የሚቻል አይደለም የሚል ካለ፣ ይኸው በጥቁር አንበሳ ጭምር ሲሠራበት የቆየ አሠራር አለ። እ.ኤ.አ. በ1999 በዶ/ር ሉዊስ ዘርክል የተመሠረተው «ሳይን» የተባለ የአሜሪካ ድርጅት፣ ሲ-አርም የተባለው የቀዶ ሕክምና ክፍል ራጅ በሌለበት አጥንት ውስጥ የሚገባ የብረት ኔይል ለሆስፒታሎች ይለግሳል። ሐኪሙ በበኩሉ የእያንዳንዱን ታካሚ ራጅ በመረጃ ቋቱ ያስገባል፤ ባልደረቦቹ አይተው አስተያየት ይሰጡበታል፤ የተጠቀመበት ኔይል የሚተካለትም በዚሁ መዝገብ ነው። በክትትል ቀን ታካሚው ቁጢጥ ብሎ ፈገግ እያለ ፎቶ ይነሳል። ቁጢጥ ማለት ለገጠር ሰው ማረም፣ ማጨድ፣ መጸዳዳት መቻል ነው፤ ከማንኛውም የፈተና ውጤት ይልቅ እኔ ይህችን ፎቶ አምናለሁ።

«ስፔሻሊስቱ ጥቂት ነው፤ ወደ ክልል ሲወጣ እዚህ ወረፋው ይረዝማል» ትሉ ይሆናል። ከሚነሱት መከራከሪያዎች ሁሉ የሚከብደኝ ይህ ነው፤ ለአንድ ሳምንት የሚዘጋ የቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ ስንት ሰው እንደሚያጉላላ አውቃለሁ። ነገር ግን አመርቅዞ ወይም ተጣሞ ገጥሞ የመጣ አንድ አጥንት ሁለትና ሦስት ጊዜ ጠረጴዛ ይይዛል፤ ወረፋው ከሚረዝምባቸው ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነው። ለቀረው ደግሞ ጉዞ አያስፈልግም፤ ሐኪሞቻችን ራጅ በቴሌግራም መላላክ ለምደዋል፤ በየሳምንቱ ለአንድ ሰዓት የሚካሄድ የጋራ ውይይት ማንንም ከጠረጴዛው አያርቅም። ዕቃ በሌለበት ሥልጠና ምን ይጠቅማል ለሚሉም፣ አንቲባዮቲኩ፣ አጠባው፣ ትክክለኛው ትራክሽን፣ የጣቶቹ ምርመራ ኔይል አይጠብቁም። የሠለጠነው ሐኪም ተዛውሮ ከሄደ ነርሷና ጀሶ አሳሪው አብረው ተምረው ይቆዩ።

ስህተቱን ያሳየ ሐኪም ይከሰሳል የሚለው ስጋት ግን በእናንተ እጅ ያለ ነው። የታካሚው ስም ተሰርዞ፣ የሐኪሙም ስም ከስብሰባው ሳይወጣ፣ ውይይቱ ለትምህርት ብቻ እንዲውል የሚጠብቅ ግልጽ መመሪያ ካላወጣችሁ ማንም የተጣመመ ራጁን ይዞ አይመጣም፤ ሁሉም ያማረውን ብቻ ያሳያል።

ስለዚህ በመጪው ዓመት ዕቅዳችሁ ስለ ስብራት ከምታጸድቋቸው ሥልጠናዎች ቢያንስ ግማሹ በዞንና በወረዳ ሆስፒታሎች ይሁን። የነጥቡም ከፊል የሚሞላው ሠልጣኙ ከስድስት ወር በኋላ የራሱን ታካሚዎች ራጅ፣ የገጠመውንም ያልገጠመውንም፣ ይዞ በባልደረቦቹ ፊት ሲቀርብ ይሁን። የመጀመሪያዎቹን ራጆች እናንተ አንጋፋዎቹ የራሳችሁን ብታቀርቡ ወጣቶቹ ይከተሏችኋል።