የካርት ነጂ ስልት በተፈጥሮ የሚሰጥ ነውን?

ስለ መኪና እሽቅድምድም በተነሣ ቁጥር ሁለት ቃላት አይጠፉም፤ አንዱ «ድፍረት»፣ ሌላው «ተሰጥዖ» ነው። ፈጣን ነጂ ማለት ልበ ሙሉ ሆኖ የተወለደ፣ መሪ ሲጨብጥ እጁ ሳይማር የሚያውቅለት ሰው ነው ይባላል። ይህን ጽሑፍ የምናዘጋጅ ሁለት የፊዚክስ መምህራን በዚህ አባባል አንስማማም። ውድ አንባብያን፣ ከእሽቅድምድም ተሽከርካሪዎች ሁሉ ታናሿን ካርትን ይዘን፣ ተስማሚው የአነዳድ ስልት የሚገኘው ከነጂው ደም ሳይሆን ከጎማው፣ ከአስፋልቱና ከሰዓቱ መሆኑን ለማስረዳት እንሞክራለን።

ነገሩ የጀመረው በራሳችን ሽንፈት ነው። በጀርመን አገር ለትምህርት በቆየንበት ዘመን አንድ ቅዳሜ ወደ ኪራይ ካርት መሮጫ ሄድን። ሁለታችንም መኪና በሚገባ እንነዳለን፤ የክብ እንቅስቃሴን ቀመርም ለተማሪ ስናስረዳ ኖረናል። ስለዚህ ኩርባው ላይ ዘግይተን ፍሬን እየረገጥን፣ የካርቷን ጭራ እያንሸራተትን፣ ጎማው እየጮኸ ስንከንፍ የዕለቱ ጀግኖች እኛ መሰልን። አሥራ ሁለት ዓመት የማይሞላት አንዲት ልጅ ግን ድምፅ ሳታሰማ መጥታ አለፈችን፤ ቆየት ብላም ደርባ አለፈችን። በመጨረሻ የታተመልንን የሰዓት ወረቀት ስናየው በእያንዳንዱ ዙር ከአንድ ሰከንድ ተኩል በላይ ትቀድመናለች። «ልጅቷ ቀላል ስለሆነች ነው» ብለን ተጽናናን። ምክንያቱ ሐሰት አይደለም፤ ቀላል ነጂ በእርግጥ ይጠቀማል፤ በውድድር ላይ ከተወሰነው ክብደት በታች የሆነ ነጂ ማሟያ ክብደት እንዲጭን የሚደረገውም ለዚህ ነው። ይሁንና ወረቀቱን ወደ ታች ስናነብ ከሁለታችንም የሚከብዱ አንድ ሽማግሌ በልጠውን ተገኙ። ከዚያ ወዲያ ሰበብ አልነበረንም።

ለመሆኑ ስሕተታችን ምን ነበር? ለዚህ መልስ ለመስጠት የካርቷን አሠራር መመልከት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1956 በደቡብ ካሊፎርኒያ አርት ኢንግልስ የተባለ የእሽቅድምድም መኪና ሠሪ ከሉ ቦሬሊ ጋር ሆኖ፣ ከቱቦ ብረት በተሠራ ሻንሲ ላይ የሣር ማጨጃ ሞተር ገጥሞ ያስነሣት ተሽከርካሪ የመጀመሪያዋ ካርት እንደሆነች ይነገራል። መሠረታዊ ቅርጿ ዛሬም ብዙ አልተለወጠም። ባሌስትራም አሞርዛተርም የላትም፤ እንደ ሞላ የሚያገለግለው የሻንሲው መተጣጠፍ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ዲፈረንሻል የላትም፤ የስልት ጉዳይ በአብዛኛው የሚመነጨው ከዚህ ነው።

በየሰፈሩ ልጆች ከጣውላና ከአሮጌ ኩሽኔታ የሚሠሩትን ጋሪ የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለንም። በዚያ ጋሪ እያንዳንዱ ኩሽኔታ በየራሱ ስለሚሽከረከር፣ ጋሪው ሲታጠፍ የውጭኛው ይሮጣል፣ የውስጠኛው ያዘግማል፤ ጠብ የለም። በካርት ግን ሁለቱ የኋላ ጎማዎች በአንድ ደንዳና የብረት ዘንግ ላይ ተቆልፈዋል። አንዱ አንድ ጊዜ ሲዞር ሌላውም አንድ ጊዜ መዞር ግዴታው ነው። አሁን ግማሽ ክብ የሆነ ኩርባ አስቡ። በሁለቱ ጎማዎች መካከል 1.1 ሜትር ርቀት ቢኖር፣ የውጭኛው ጎማ ከውስጠኛው በፓይ ሲባዛ 1.1፣ ማለትም ወደ 3 ሜትር ተኩል የሚጠጋ ተጨማሪ መንገድ መሄድ አለበት። የሚያስደንቀው የኩርባው ስፋት በውጤቱ ውስጥ አለመግባቱ ነው፤ ኩርባው ቢጠብም ቢሰፋም ልዩነቱ ያው ነው። ተማሪዎች በወረቀት ላይ ቢፈትሹት ደስ ይለናል። ዘንጉ ይህን ልዩነት አይፈቅድምና ከሁለቱ ጎማዎች ቢያንስ አንዱ አስፋልቱ ላይ መፋተግ ይኖርበታል።

ታዲያ ካርቷ እንዴት ትዞራለች? የውስጠኛውን የኋላ ጎማ ከመሬት በማንሣት። የፊት ጎማዎች የሚዞሩበት ምሰሶ ወደ ኋላ ዘመም ተደርጎ ስለሚሠራ፣ መሪው ሲጠመዘዝ የውስጠኛው የፊት ጎማ ወደ ታች ይገፋል፣ የውጭኛው ወደ ላይ ይሸሻል፤ ሻንሲውም ተጣሞ የውስጠኛውን የኋላ ጎማ በጥቂቱ ያነሣዋል፣ ወይም ቢያንስ ሸክሙን ያቀልለታል። ለዚያች ቅጽበት ካርቷ በሦስት እግሯ ትሄዳለች። ብስክሌት የለመደ ሰው ወደ ኩርባው ውስጥ መጋደም ይቀናዋል፤ በካርት ላይ ግን ይህ ሊነሣ የሚገባውን ጎማ መልሶ መሬት ላይ መጫን ነው።

ለጀማሪ ሁሉ የሚሰጠው «በለስላሳ እጅ ንዳ» የሚለው ምክርም በእኛ አስተያየት ግማሽ እውነት ነው። መሪውን እጅግ በዝግታ የሚያዞር ነጂ ጎማውን አያነሣም፤ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች እርስ በርስ ሲጎተቱ ካርቷ አፍንጫዋን ወደ ውጭ ትገፋለች፣ ሞተሩም ያቃስታል። መሪው መጀመሪያ ቁርጥ ባለ እጅ መዞር፣ ጎማው ከተነሣ በኋላ ደግሞ ሳይዘገይ መፈታት አለበት። ልጅቷን ከኋላ ስንመለከታት እጇ የማይንቀሳቀስ የመሰለን በዚህ ምክንያት ነበር፤ በአንድ ኩርባ አንድ ጊዜ ብቻ ታዞራለች። እኛ አራት አምስት ጊዜ እናርም ነበር።

ጎማ አስፋልትን የሚይዝበት አቅምም ውሱን ነው። ይህን አቅም በእጃችን እንዳለች አንድ ብር ብንቆጥረው፣ ለመዞርም ለፍሬንም ለመፋጠንም የሚከፈለው ከዚያችው ብር ነው። ሒሳቡ ግን ያልተጠበቀ ነው። ለመዞር 80 ሳንቲም ላወጣ ነጂ ለፍሬን የሚተርፈው 20 ሳንቲም አይደለም፤ 60 ነው። ሁለቱ ጉልበቶች በቀጥታ ማዕዘን ስለሚገናኙ በፓይታጎራስ ደንብ ይደመራሉና፤ የ0.8 ካሬና የ0.6 ካሬ ድምር 1 ነው። (ይህ ቲዎረም ለምን ይጠቅማል ብላችሁ የጠየቃችሁ ብትኖሩ ይኸውላችሁ።) ስለዚህ ብልህ ነጂ ቀጥታው መንገድ ላይ ፍሬኑን አጥብቆ ይረግጣል፤ ወደ ኩርባው ሲገባም በአንድ ጊዜ አይለቀውም፤ መሪው በዞረ መጠን እግሩን ያላላል። እኛ ብሯን በሙሉ ለፍሬን ከፍለን ስናበቃ መዞርን በዱቤ እንጠይቅ ነበር። የአብዛኞቹ የኪራይ ካርቶች ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ በመሆኑ አቅማቸው የተሟጠጠው የኋላ ጎማዎች ወደ ጎን ያፈተልካሉ። ጀግንነት ያልነው መንሸራተት ይኸው ነው።

ድፍረት በዚህ ሒሳብ ውስጥ ቦታ እንደሌለው በቁጥር ማየት ይቻላል። ጎማዎቹ ከጠቅላላው ክብደት ጋር እኩል የሆነ የጎን ጉልበት ይሰጣሉ ብንል፣ ሬዲየሱ 10 ሜትር በሆነ መስመር ላይ ከፍተኛው ፍጥነት በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ተጠቅሞ ያንኑ ኩርባ በ14 ሜትር ሬዲየስ የሚያልፍ ነጂ ወደ 42 ይደርሳል። ልበ ሙሉው ሰው በመጀመሪያው መስመር ላይ 42 ልንዳ ቢል የሚያገኘው ከመሮጫው ውጭ ራሱን ነው። ይህን ስንል ግን ጎማ ፈጽሞ አይንሸራተት ማለታችን አይደለም። ጎማ ከፍተኛውን ጉልበት የሚሰጠው የሚያመለክትበትና በእርግጥ የሚሄድበት አቅጣጫ በጥቂት ዲግሪ ሲለያዩ ነው፤ ያንን ካለፈ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ላስቲኩም ያለ ጥቅም ይግላል። አስቸጋሪው ነገር ይህች ጠባብ ወሰን ለዓይን የማትታይ መሆኗ ነው።

መንሸራተት የሚያስከፍለው ዋጋ ደግሞ እንደ ሞተሩ ይለያያል። ካርቷና ነጂዋ በአንድ ላይ 230 ኪሎ ግራም ቢመዝኑና በመንሸራተት ፍጥነታቸው በሰከንድ ከ11 ወደ 9 ሜትር ቢወርድ፣ 4,600 ጁል ወደ ሙቀትና ጩኸት ተለውጧል ማለት ነው። ወደ 9 የፈረስ ጉልበት ያለው የኪራይ ካርት ሞተር ይህንን ለመመለስ ቢያንስ 0.7 ሰከንድ ሙሉ አቅሙን አውጥቶ መሥራት አለበት። ማክስ ቬርስታፐን እ.ኤ.አ. በ2013 የዓለም ሻምፒዮን በሆነበት ባለ ካምቢዮ የካርት ምድብ ግን ሞተሩ ከ40 የፈረስ ጉልበት ይበልጣል፤ ፍሬንም በአራቱም ጎማዎች ላይ አለ። እዚያ የጠፋው ፍጥነት ቶሎ ይመለሳል፤ ስለዚህ ነጂው ዘግይቶ ፍሬን ይይዛል፣ ካርቷን በጠባብ ቦታ ያዞራል፣ ቀጥ ብሎም ይወነጨፋል። በዚህ ስልት ደካማ ሞተር የሚነዳ ሰው መቀለጃ ይሆናል። እንግዲህ «ትክክለኛው ስልት የትኛው ነው?» ለሚል ጠያቂ «በየትኛው ካርት?» ብሎ መመለስ ተገቢ ነው።

ተቃዋሚዎቻችን በዚህ ጊዜ አይርተን ሴናን ይጠቅሱብናል። ሴና በካርት የዓለም ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. በ1979 እና በ1980 ሁለተኛ የወጣ፣ ኋላም በፎርሙላ አንድ የከበረ ነጂ ነው። በኩርባ መካከል የነዳጅ ፔዳሉን በፍጥነት እየነካካ የመንዳት ልማዱ የታወቀ ነው፤ ለምን እንደሚያደርገው ግን አዋቂዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። እርሱን ለመምሰል ፔዳል የሚደበድቡ ወጣቶችም አይጠፉም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1988 ሴናና አለን ፕሮስት በአንድ ዓይነት የማክላረን መኪና ሲወዳደሩ የሆነውን እናስታውስ። ፕሮስትም ከካርት የመጣ ሰው ነው፤ አነዳዱ ግን ከሴና በእጅጉ የረጋ ነበር። ከዚያ ዓመት 16 ውድድሮች ሴና 8፣ ፕሮስት 7 አሸነፉ። ሁለት የማይመሳሰሉ እግሮች ወደ አንድ ወሰን ደረሱ ማለት ነው። የጸባይ ልዩነት የለም አንልም፤ ከውጭ የሚታየውን ጸባይ ከውስጥ ከሚሠራው ምክንያት ጋር ማምታታት ግን ስሕተት ነው።

ይህ ስሕተት ጉዳቱ ከመሮጫው ያልፋል። «ይህ በተፈጥሮ ነው» የተባለ ወጣት ሁለት ዕድል ብቻ ነው የሚኖረው፤ ወይ ራሱን እንደ ተመረጠ ቆጥሮ መማር ያቆማል፣ ወይ እንዳልተመረጠ ቆጥሮ ጥሎ ይሄዳል። በክፍላችን ውስጥ «ሒሳብ ለእኔ አልተፈጠረም» ብለው ከኋላ የሚቀመጡትን ተማሪዎች ስናይ ትዝ የሚለን ያ የሰዓት ወረቀት ነው።

እኛ የመረጥነው በላቦራቶሪ የምናውቀውን መንገድ ነበር። በየቅዳሜው አንድ ነገር ብቻ እንለውጣለን፤ በአንዱ ሳምንት ፍሬን የምንይዝበትን ቦታ በሁለት ሜትር ወደ ኋላ መለስን፣ በሌላው መሪውን በአንድ ኩርባ አንድ ጊዜ ብቻ ለማዞር ተማማልን። ጎማው ገና ስለማይሞቅ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች አንቆጥርም፤ ከቀሩት ውስጥ የምንወስደው ምርጡን ሳይሆን አማካዩን ነው። የኪራይ ካርቶች አንዷ ከሌላዋ ስለምትለይም ካርት እየተለዋወጥን ነዳን። ከሁሉ የገረመን የስሜታችን ውሸታምነት ነው፤ «ዛሬስ በረርን» ያልንባቸው ዙሮች በወረቀቱ ላይ የዘገዩት ሆኑ፤ «ተኝተን ነበር» ያልንባቸው ፈጠኑ።

በአራተኛው ቅዳሜ ጎማችን አልጮኸም። አማካይ ሰዓታችን ከመጀመሪያው ቀን በአንድ ሰከንድ ከሩብ ያህል ተሻሽሎ ነበር፤ ሽማግሌውንም በጥቂቱ ቀደምናቸው። ልጅቷ ግን በዚያ ቀን አልመጣችም።