በሻንጣ የሚመጣው አሞክሳሲሊን

ባለፈው ሐምሌ ከአገር ቤት የተመለሰች ወዳጃችን እዚሁ ፉሩሴት ሻንጣዋን ስትፈታ አጠገቧ ነበርን። በርበሬው ወጣ፣ ሽሮው ወጣ፣ ቆሎው ወጣ፤ ከሥር ደግሞ ሦስት ፓኬት አሞክሳሲሊን። «ለልጆቹ ጉሮሮ ነው» አለች። «እዚህ እንደሆነ ፋስትሌገው ውኃ ጠጡ፣ ዕረፉ ከማለት በቀር ምን ይሰጣል?» ሁላችንም ሳቅን። እውነቱን ለመናገር እኔም ሳል ይዞኝ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ባዶ እጄን ስመለስ «የውጭ አገር ሰው ስለሆንኩ ነው» ብዬ ያጉረመረምኩበት ጊዜ አለ። ሳሉ ግን በሁለተኛው ሳምንት በራሱ ጊዜ ለቀቀኝ።

ውድ አንባብያን፣ ሐኪሙ የሚከለክለን ንፉግ ሆኖ አይደለም። ጉንፋንና አብዛኛው ሳል ከቫይረስ ነው የሚመጣው፤ አንቲባዮቲክ ቫይረስን አይነካም። የሚነካው በሆዳችንና በጉሮሯችን ያሉትን ባክቴሪያዎች ነው። ደካሞቹ ይሞታሉ፤ መድኃኒቱን የተላመዱት ይቀራሉ፣ ይራባሉ፣ ከእናት ወደ ልጅ፣ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ይሻገራሉ።

ይህን ትምህርት ኖርዌይና ኢትዮጵያ አብረው የተማሩበት ታሪክ አለ (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የበርገኑ ሐኪም አርማወር ሐንሰን የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ያየው በ1873 ነው። ያን ጊዜ ብዙዎቹ ሊቃውንት በሽታው በዘር የሚወረስ ነው ይሉ ነበር፤ ኖርዌይም በሺህ የሚቆጠሩ ሕሙማን ነበሯት። ሐንሰን ባክቴሪያውን ማራባት ቢያቅተው አንዲት ታካሚ ሳትፈቅድ ዓይኗ ላይ ሞከረ። በ1880 ፍርድ ቤት ከሆስፒታል ሥራው አባረረው። ታላቅ ሰው ነው ተብሎ ነውሩ አይሸፈንም።

ከዘመናት በኋላ፣ በ1970፣ በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች አነሳሽነት በስሙ የተጠራው የምርምር ተቋም አዲስ አበባ ዘነበወርቅ፣ ከአለርት ሆስፒታል አጠገብ ተከፈተ። የመጀመሪያው ዳይሬክተር ኖርዌጂያዊው ሞርተን ሐርቦ ነበር። ያን ጊዜ የሥጋ ደዌ መድኃኒት ዳፕሶን ብቻውን ነበር፤ ሕሙማኑ ለዓመታት ይውጡታል። መንገዱ ሩቅ ነው፣ መድኃኒቱ ያልቃል፣ ይቋረጣል፤ ጥፋቱን በበሽተኛው ብቻ ማላከክ አይቻልም። በ1970ዎቹ ዳፕሶን የማይነካው ሥጋ ደዌ በኢትዮጵያ መብዛቱ ታወቀ፤ ጥናቱም በ1979 ታተመ። ከሌሎች አገሮችም ተመሳሳይ ወሬ ይመጣ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ1981 መድኃኒቶቹ ተጣምረው እንዲሰጡ የወሰነው ከዚህ የተነሳ ነው። ዛሬም ሕክምናው እንደዚያው ነው።

ያኔ ሌሎች መድኃኒቶች ስለነበሩ ተረፍን። አሁን ግን አዲስ አንቲባዮቲክ እንደ ድሮው ቶሎ ቶሎ አይወጣም። በ2019 ብቻ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በዓለም 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰው መሞቱ ተገምቷል።

አገር ቤት ያለው ወገናችን የሁለት ቀን ፍሬ ገዝቶ የሚሄደው ሞኝ ሆኖ አይደለም። ኪሱ የሚችለው ያንን ነው፤ ለሐኪም ከከፈለ ለመድኃኒቱ አይተርፈውም። ለዚህ ነው ከእኛ የሚጠበቀው ክኒን ማመላለስ አይደለም የምለው። የምርመራውንና የሙሉውን መድኃኒት ዋጋ እንላክለት። እኛም ሐኪም ያዘዘልንን እንደታዘዘው እንውሰድ፤ የተረፈውን ለእህት ለወንድም አናካፍል። ደግነታችን እዚህ ላይ ይጎዳል።

አንድ ነገር ልጨምር። ባለፉት 12 ወራት አገር ቤት ሆስፒታል ተኝታችሁ ከነበረ፣ እዚህ ሆስፒታል ስትገቡ ከአፍንጫና ከጉሮሮ ናሙና ሊወስዱባችሁ ይችላሉ። ኤም.አር.ኤስ.ኤ. የተባለውን መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ ፍለጋ ነው። ብዙዎቻችን ይህን እንደ ንቀት ቆጥረን እንቆጣለን። ከስፔን ሆስፒታል የተመለሰውንም ኖርዌጂያዊ እንዲሁ ነው የሚመረምሩት። ስለዚህ የት እንደታከማችሁ አትደብቁ።

ወዳጃችን ሦስቱን ፓኬት እያጉረመረመች ወደ አፖቴክ ወስዳ መለሰች፤ እዚያ ያለ ክፍያ ይቀበላሉ። እኔ አብሬያት ሄድኩ። ቤቴን ስፈትሽ ከቡናው ጀርባ ጊዜው ያለፈበት ግማሽ ፓኬት አግኝቼ ነበርና።