መንጋው ከመነሣቱ በፊት

እ.ኤ.አ. በ1915 ጸደይ የአንበጣ መንጋ ፍልስጥኤምን፣ ሶርያንና ሊባኖስን ሸፈነ። ከአሽራፊዬ ኮረብታ በስተ ምሥራቅ የሚታየው የሊባኖስ ተራራም ልምላሜውን ተገፈፈ። በዚያ ላይ ጦርነቱ ባሕሩን ዘጋ፣ ሠራዊቱ እህሉን ወሰደ፣ ነጋዴውም ዋጋ አስወደደ። እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ በረኃብና በበሽታ ያለቀው ሕዝብ 200,000 ገደማ እንደሚሆን ይገመታል። ጥፋቱ ሁሉ የአንበጣው ብቻ አይደለም፤ በሩን ከከፈቱት መካከል ግን አንዱ እርሱ ነበር።

በፍልስጥኤም የኦቶማን መንግሥት ዕድሜው ከ15 እስከ 60 የሆነ የከተማ ወንድ ሁሉ 20 ኪሎ የአንበጣ ዕንቁላል ለቅሞ እንዲያስረክብ አዘዘ። ትእዛዙ የመጣው መንጋው ከደረሰ በኋላ ነው። ሆኖም ጠላትን ከዕንቁላሉ መያዝ የሚለው ሐሳብ ትክክለኛ ነበር።

ምክንያቱን ሳይንስ በኋላ ገለጸው። ቦሪስ ኡቫሮቭ የተባለው የነፍሳት ሊቅ በ1921 እንዳስረዳው፣ ብቻውን የሚኖረውና በመንጋ የሚጓዘው አንበጣ አንድ ዝርያ ነው። የበረሃ አንበጣ ሁለቱንም ጠባይ በአንድ የዘር ውርስ ይዞ ይወለዳል፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሚገለጥ የሚወስነው ኑሮው ነው። ምግብ በጠበበ ቦታ ሲሰባሰቡ የኋላ እግሮቻቸው ይነካካሉ፤ በአካላቸው ሴሮቶኒን የተባለው ንጥረ ነገር ይጨምራል፤ በጥቂት ሰዓታትም ይሸሹት የነበረውን ወገን ይፈልጉታል።

ከዚህ የሚበልጠው የእናት ድርሻ ነው። በተጨናነቀ ስፍራ የኖረች እናት በቁጥር ያነሱ፣ በመጠን የተለቁ ዕንቁላሎች ትጥላለች። ከእነዚህም ጠቆር ያለና ገና ከጅምሩ ለመሰባሰብ ያዘነበለ ኩብኩባ ይፈለፈላል። ብቻዋን የኖረች እናት ልጅ ግን አረንጓዴና ብቸኛ ነው። ስለዚህ መንጋ በአንድ ቀን አይፈጠርም፤ ከትውልድ ወደ ትውልድ እየጠነከረ ይሄዳል።

ይህ እውቀት ግዴታን ያስከትላል። በ2018 ሁለት አውሎ ነፋሶች የሩብ አል ኻሊን በረሃ በዝናብ አራሱ፤ አንበጣው ተመልካች በሌለበት ተራባ፤ የመንን አቋርጦም አፍሪካ ቀንድ ገባ። በ2013 ዓ.ም. መባቻ የወሎና የራያ ገበሬ ማሽላው በዐይኑ ፊት ተበላ። በዚያው ጊዜ የሊባኖስ ሊራ ወድቆ በቤይሩት ደመወዛቸው የተቋረጠባቸው ኢትዮጵያውያን እኅቶች ብዙ ነበሩ። አዝመራውም ደመወዙም በአንድነት የጠፋበት ቤተሰብ በማን ይደገፍ?

ባዶ በረሃን መቃኘት ውድ ነው የሚሉ አሉ። ይሁን እንጂ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ በአንድ ቀን የ35,000 ሰው ምግብ ይበላል። ከዚህ ጋር ሲመዘን የአሳሽ ቡድን ደመወዝ ምንም አይደለም። የአንበጣው እናቶች የሚገናኙበት አሸዋ የየትኛውም አገር ይሁን፣ ጥበቃው የሁሉም ጎረቤት ዕዳ ሊሆን ይገባል። መንጋው ሰማዩን ከሸፈነ በኋላ የሚደረገው ርብርብ፣ እናቲቱ ወራት አስቀድማ የወሰነችውን ማሳደድ ነው።