ፕላትሌት ተሰጥቶ ቁጥሩ አልጨምር ሲል

የደም ካንሰር ታካሚ ያስታመመ ሰው ያውቀዋል፦ ለጋሽ ተለምኖ ፕላትሌት ይሰጣል፣ በማግስቱ ቁጥሩ እዛው ነው። "ደሙ ተበላሽቶ ነው" ይባላል። ብዙ ጊዜ ትኩሳት፣ ኢንፌክሽን ወይም ያበጠ ጣፊያ ነው የሚጨርሰው። አንዳንዴ ግን በእርግዝና ወይም በተደጋጋሚ ደም በመውሰድ የመጣ አንቲቦዲ፣ ለጋሹ ፕላትሌት ላይ ያለውን ኤችኤልኤ የሚባል መለያ አይቶ ያጠፋዋል።

ተመራማሪዎች መለያውን በአሲድ አጥቦ ማንሳትን ሞክረዋል። የጃፓኑ ኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ጂኑን አጥፍቶ መለያው የሌለው ፕላትሌት ላብራቶሪ ውስጥ ሠርቷል። ገና ምርምር ላይ ነው፤ እኔ ግን እደግፈዋለሁ። የሚስማማ ለጋሽ ለማግኘት ቀድመው የተመረመሩ ብዙ ሰዎች ያስፈልጋሉ፤ የተለገሰው ደግሞ የሚቆየው 5 ቀን ገደማ ነው። ማን ይደርሳል?

እስከዚያው ሌላ ከረጢት ፍለጋ ከመሮጣችሁ በፊት ሐኪማችሁን "ፕላትሌቱ ካለቀ በ1 ሰዓት ውስጥ ቁጥሩ ስንት ሆነ?" በሉት። ያኔም ካልጨመረ አንቲቦዲ ይጠረጠራል። ጨምሮ በማግስቱ ከወረደ ኢንፌክሽኑ ይፈለግ። አዎ፣ መቅኔ ሊለግስ የታሰበ እህት ወይም ወንድም ካለም ፕላትሌት ከመስጠቱ በፊት ሐኪሙን ያማክር።