ፍቅር ብቻውን ከተማ አያቆምም

ስለ ድሬዳዋ በሚነገረውና በሚጻፈው ሁሉ ውስጥ አንድ ሐሳብ ገንኖ ይገኛል፤ ይኸውም ከተማዋ «የፍቅር ከተማ» ናት፣ ነዋሪዋም የሰውን ብሔርና ሃይማኖት የማይጠይቅ፣ ያለውን ተካፍሎ የሚበላ፣ ቂም የማይቋጥር ሕዝብ ነው የሚለው ነው። ይህ አነጋገር በመንግሥት መድረክ፣ በበዓል ንግግር፣ በቴሌቪዥን ዝግጅትና ርቀው በሚኖሩ የከተማዋ ተወላጆች ትዝታ ውስጥ ከመደጋገሙ የተነሣ ማስረጃ የማይጠየቅበት እውነት ለመሆን በቅቷል። ፍቅሩ በእርግጥ አለ፤ ማንም በቅንነት ሊክደው አይችልም። ጉዳቱ የሚጀምረው ግን ሕግ፣ ተቋምና ተጠያቂነት ሊሠሩት የሚገባው ሥራ ሳይሠራ ሲቀር ጉድለቱ በዚሁ ፍቅር ሲሸፈን ሲሆን፣ ይህ መሸፋፈን ደግሞ ከሌላው ወቅት ይልቅ በክረምት ጎልቶ ይታያል።

ፍቅሩ በተግባር የሚታይበትን ቦታ ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ታይዋን እየተባለ የሚጠራው የድሬዳዋ የገበያ ሰፈር ስሙን ከሩቅ ምሥራቋ ደሴት የወረሰ፣ በጅቡቲና በሶማሌላንድ በኩል በሚገባ ልብስ፣ ጫማና ኤሌክትሮኒክስ የታወቀ ሲሆን፣ በዚያ ለሚውል ሰው በአንድ ግብይት ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ ሲፈራረቁ መስማት ብርቁ አይደለም። ከተማዋ ራሷ የንግድ ልጅ ናት፤ ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ተራራውን ወጥቶ ሐረር መድረስ ስላልተቻለው በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ሲደርስ ድሬዳዋ ተቆረቆረች፤ ፈረንሳዮች በቀያሽ የነደፉት ከዚራና የአገሬው ነጋዴ ሰፈር መጋላም በደቻቱ ወንዝ ወዲህና ወዲያ አደጉ። ከየአቅጣጫው የመጣው ሕዝብ የተሳሰረው በአዋጅ ሳይሆን በመሸጥና በመግዛት፣ በመዋለድና በመቀባበር ነው።

በታይዋን ዓይነት ገበያ የሚሠራበት ዱቤ ለዚህ ትስስር ጥሩ ማሳያ ነው። ነጋዴዋ ለዓመታት የምታውቀው ደንበኛ ሲመጣ ያለ መያዣና ያለ ዋስ ዕቃውን ታስረክበዋለች፤ በደብተሯ ላይ የምታሰፍረው ስሙንና የገንዘቡን መጠን ብቻ ነው። ሐምሌ ገብቶ ከሰዓት በኋላ ደመናው በተራራው ላይ ሲከብድ ደግሞ፣ ለሶላት ወይም ለለቅሶ ሱቁን ጥሎ የሄደ ሰው ቢኖር ጎረቤቱ ሳይነገረው ሸራውን ዘርግቶ ያለብሳል፣ ካርቶኖቹን ከመሬት አንሥቶ መደርደሪያ ላይ ይጭናል፤ ባለቤቱ ሲመለስም «አቦ፣ ዕቃህን አንሥቼልሃለሁ» ከማለት ያለፈ ሒሳብ የለም። ይህ ክቡር ነገር ነው። ይሁን እንጂ የቆመበትን መሠረት በጥንቃቄ ማየት ያስፈልጋል፤ ዱቤውም ሸራውም የሚሠሩት ትውውቅ እስካለበት ድረስ ብቻ ነው። ሰባት ሱቅ ርቆ ያለውን የማያውቅ ሰው፣ ከዚያም አልፎ የከተማዋን ወንዝ፣ መሬትና ምክር ቤት በትውውቅ ማስተዳደር አይችልም፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ለሚያውቁትም ለማያውቁትም እኩል የሚሠራ ሥርዓት ነው።

ክረምት ይህን ልዩነት ያጋልጣል። በመጻሕፍት የሚሣለው የኢትዮጵያ ክረምት አብዛኛውን ጊዜ የደጋው ክረምት ነው፤ ጭጋጉ፣ ጭቃው፣ ጋቢውና የተጠበሰው በቆሎ የቤተሰብ መሰብሰቢያ ተደርጎ ይተረካል። ከባሕር ጠለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ሞቃታማዋ ድሬዳዋ ግን የክረምቱ ዋነኛ ባለጉዳይ ደቻቱ ነው። ደቻቱ ደረቅ ወንዝ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ማለትም የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ ሆኖ የሚከርም፣ ሰው የሚሻገርበትና የሚነግድበት፣ ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ባላቸው የሐረርጌ ተራሮች ላይ ዝናብ ሲጥል ግን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሞልቶ የሚወርድ ነው። ተራሮቹ ዛፋቸውን እየተነጠቁ በሄዱ ቁጥር ዝናቡን የሚይዝለት አፈር ያጣው ውኃ ፍጥነቱ ይጨምራል፤ በመሆኑም ጎርፉ ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ተኝቶ የነበረን ሰው ሊወስድ ይችላል።

ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. የሆነውም ይኸው ነው። በዚያች ሌሊት ደቻቱ ጥሶ ወጥቶ ከ250 በላይ ሰዎችን ገደለ፣ በሺዎች የሚቆጠሩትን ቤት አልባ አደረገ። ነዋሪው ያደረገው ሁሉ የፍቅር ከተማ የሚለውን ስም የሚያጸና ነበር፤ ሙስሊሙ ከክርስቲያኑ ጋር አስከሬን ፈለገ፣ የማይተዋወቁ ሰዎች ቤታቸውን ከፈቱ፣ ከተማው በአንድነት ለቅሶ ተቀመጠ። ከዚያም በኋላ የጎርፉ ነገር በተነሣ ቁጥር በብዛት የተወራው ይኸው ኅብረት ነው። በወንዙ ዳርና ዳር መከላከያ ግንብ መሠራቱ አይካድም። ሆኖም ከአሸዋው ጥግ ቤት እንዲሠራ የፈቀደው ወይም ሲሠራ አይቶ ያለፈው ማን ነበር፣ ድኻው ከወንዝ ዳር በቀር መቆሚያ ያጣውስ በምን ምክንያት ነው የሚለው ጥያቄ ከለቅሶው እኩል ድምፅ አላገኘም። ሚያዝያ 2012 ዓ.ም. በበልጉ ዝናብ ጎርፍ እንደገና የሰው ሕይወት ሲቀጥፍ፣ አደጋው በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ያልተቋጨ የአስተዳደር ጉዳይ እንደሆነ በግልጽ ታየ።

በዚህ ረገድ የጅዳ ልምድ ሊታሰብ ይገባዋል። የድሬዳዋ ልጆች ለሥራ ከሚሄዱባቸው ከተሞች አንዷ በሆነችው በዚህች የሳዑዲ ዓረቢያ ወደብ ኅዳር 2002 ዓ.ም. የደረሰው ጎርፍ ከመቶ በላይ ሰው ሲገድል፣ ንጉሥ አብደላ መርማሪ ኮሚቴ አቋቋሙ፤ በጎርፍ መውረጃ ላይ ግንባታ በመፍቀድና በፍሳሽ ሥራ ገንዘብ ምዝበራ የተጠረጠሩ ባለሥልጣናትና ተቋራጮችም ፍርድ ቤት ቀርበው ከመካከላቸው የተፈረደባቸው ነበሩ። አገራዊ ምርጫ በሌለበት የንጉሥ አገዛዝ ውስጥ እንኳ የሙታን ቤተሰብ «ማን ፈቀደ?» ብሎ መጠየቁ ተገቢ ሆኖ ከተገኘ፣ በፍቅሯ በምትታወቀው ከተማ ይህን ጥያቄ ማንሣት እንደ ሐዘን ማደፍረስ ሊቆጠር አይገባውም። ለሟች የሚገባው ፍቅር ሌላ ሰው በዚያው ሞት እንዳይሞት ማድረግን ይጨምራልና።

የፖለቲካው ነገር ከዚህም የባሰ ተቃርኖ ያሳያል። ድሬዳዋ የኦሮሚያም የሶማሌም ክልሎች የይገባኛል ጥያቄ ያነሡባት ከተማ በመሆኗ ለፌዴራል መንግሥት ተጠሪ ሆና በ1996 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 416 ቻርተር ተሰጣት፤ ቻርተር ማለት አንድ ከተማ የሚተዳደርበትን ሥልጣንና ተግባር የሚወስን መተዳደሪያ ሕግ ነው። ይሁንና ለረጅም ጊዜ ሥልጣን የተከፋፈለው በያኔው ገዢ ግንባርና በአጋሩ የሶማሌ ፓርቲ መካከል በተደረገው «40-40-20» በሚባለው ስምምነት ነው፤ በዚህም መሠረት አርባ እጁ ለኦሮሞው፣ አርባ እጁ ለሶማሌው፣ ሃያ እጁ ለሌሎቹ የግንባሩ ፓርቲዎች ተመደበ። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ መሠረት በአስተዳደሩ ውስጥ ኦሮሞው 46 በመቶ፣ ሶማሌው 24 በመቶ፣ አማራው 20 በመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ ጉራጌው፣ ሐረሪውና ሌላውም በቀሪው ውስጥ ይገኛሉ። እንግዲህ በአንድ በኩል «እዚህ ብሔር አይጠየቅም» እየተባለ ይዘመራል፤ በሌላ በኩል የወንበሩ ክፍፍል ብሔርን በመቶኛ ሲቆጥር ኖሯል። ሁለቱ ለዓመታት ጎን ለጎን ሊኖሩ የቻሉት መዝሙሩ በገበያና በሠርግ ቤት እየቀረ፣ ክፍፍሉ በሚደረግበት አዳራሽ ስለማይጠራ ነው። ስለ ፍቅር አብዝቶ የሚናገር ባለሥልጣንም የክፍፍሉን ፍትሐዊነት እንዲያስረዳ የሚጠይቀው ሲያጣ፣ ንግግሩ ሳያስበው እንኳ መሸሸጊያ ይሆነዋል።

የዚህ ሁሉ ጫና በመጨረሻ የሚያርፈው በቤተሰብ ላይ ነው። በክረምት ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ከየዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ይመለሳሉ፣ ከጅቡቲና ከዓረብ አገር ዘመድ ይመጣል፤ ቤቱ ይሞላል። ከምሳ በኋላ በርጫ፣ ማለትም ጫት እየተቃመ በኅብረት የሚደረግ ጨዋታ፣ ይደራል፤ የአወዳይ ጫት ይቀርባል፣ ሻሂውና ሆጃው ይመላለሳል። ይህን ድግስ የምታቀርበው፣ ምንጣፉን የምታነጥፈው፣ ከሁሉም በኋላ የምትተኛው ሴቲቱ ሆና ሳለ የቤቱ እንግዳ ተቀባይነት የሚመሰገነው በባለቤቱ ስም ነው። ከዚህ የሚከብደው ደግሞ ዝምታው ነው። አባት ኦሮሞ፣ እናት አማራ፣ የአጎት ሚስት ሶማሌ በሆነችበት ቤት «ፖለቲካ እዚህ አይወራም» የሚለው ደንብ ለሰላም ሲባል ይከበራል። ልጁ ግን ለቀበሌ መታወቂያ ሲሄድ «ብሔር» በሚለው መስመር ላይ አንዱን ወላጁን እንዲመርጥ የሚጠየቅበት ዘመን አሳልፏል፤ ብሔርን የማይመዘግበው አዲሱ የፋይዳ ብሔራዊ መታወቂያ መስመሩን ከካርዱ ላይ ማንሣት እንደሚቻል ቢያሳይም፣ ወንበር በብሔር ሲታደል በኖረበት ከተማ ጥያቄው ከሰው አእምሮ አይነሣም። ስለ ማንነቱ በቤቱ ያልተወያየ ወጣት መልሱን ከስልኩ ይሰማል፤ ስልኩ ደግሞ በእናቱና በአባቱ መካከል እንዲመርጥ የሚገፋፉ ሰዎች የሚበዙበት መድረክ ነው።

በ2010 ዓ.ም. ክረምትና በጥር 2011 ዓ.ም. በከተማዋ ግጭት ሲነሣ ብዙዎች «ይህ የድሬ ጠባይ አይደለም፣ ከውጭ የመጣ ነው» አሉ። ከውጭ የገባ ገፊ ምክንያት መኖሩ አይካድም፤ ከመስከረም 2010 ዓ.ም. ጀምሮ በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች መካከል በተነሣው ግጭት የተፈናቀሉ ሰዎች በከተማዋ ተጠልለው ነበር። ነገር ግን ማብራሪያው በዚህ ብቻ ሲቆም ከተማዋ ራሷን ከመመርመር ትድናለች። ሕንዳዊው የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር አሹቶሽ ቫርሽኒ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመው ጥናቱ ስድስት የሕንድ ከተሞችን ጥንድ ጥንድ አድርጎ በማነጻጸር፣ ሂንዱና ሙስሊም የሚገናኙባቸውን መንገዶች በሁለት ከፍሎ ነበር፤ አንደኛው ዕለታዊ ግንኙነት ሲሆን መጎራበትን፣ መጠያየቅንና በበዓል መጠራራትን ይይዛል፤ ሁለተኛው የተደራጀ ግንኙነት ሲሆን የንግድና የሙያ ማኅበራትን የመሳሰሉትን፣ ሁለቱ ወገኖች በአባልነት አብረው የሚመሩአቸውን ድርጅቶች ይመለከታል። ሁለቱም ለሰላም ቢጠቅሙም በከተማ ውስጥ ፖለቲከኛ ሊከፋፍል ሲነሣ ጸንቶ የሚቆመው የተደራጀው እንደሆነ ደመደመ።

ይህ መለኪያ በድሬዳዋ ላይ ሲውል የጎደለው ምን እንደሆነ ይታያል። ከተማዋ በዕለታዊ ግንኙነት ሀብታም ናት፤ የተደራጀው ግን ብዙውን ጊዜ በየወገኑ ነው። በለቅሶ ጊዜ የሚረዳዳው እድር በአብዛኛው ክርስቲያኑን፣ ተመሳሳዩ አፎሻ ደግሞ ሙስሊሙን ያሰባስባል፤ ይህም የቀብር ሥርዓቱ ስለሚለያይ የሚገባ ነው። ጎርፍ ግን ክርስቲያንና ሙስሊም አይለይምና፣ እድሮችና አፎሻዎች በወንዝ ዳርቻ ጉዳይ በጋራ ተሰብስበው የመሬት አሰጣጡ በይፋ እንዲገለጽ ቢጠይቁ፣ የታይዋንና የሌሎች ገበያዎች ነጋዴዎች በዱቤ ደብተር ያካበቱትን መተማመን ወደ ጋራ ማኅበር አሳድገው ስለ ፍሳሽ፣ ስለ እሳትና ስለ ግብር በአንድ ድምፅ ቢደራደሩ፣ ፍቅሩ የሚያርፍበት ቋሚ ቤት ያገኛል።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሣው ብርቱ ተቃውሞ፣ ስለ ክፍፍልና ስለ ጥፋተኛ አብዝቶ መናገር ያልነበረውን ቁስል ይፈጥራል፣ የፍቅር ወግ ሲደጋገም ግን ሰውን ወደ ፍቅር ይስባል የሚለው ነው። በዚህ ውስጥ እውነት አለ፤ ስለ ራሱ መልካም የሚሰማ ሕዝብ መልካም ለመሥራት ይበረታታልና። ነገር ግን ወጉ ቅሬታ ያለውን ሰው «የድሬ ልጅ እንዲህ አይልም» ብሎ ዝም የሚያሰኝ ሲሆን ቅሬታው አይጠፋም፤ አደባባዩን ትቶ ጓዳ ይገባል፣ በጓዳም ከመሰሎቹ ጋር ብቻ ይመክራል። ተፋቅረው የሚኖሩ ባልና ሚስት የቤት ኪራዩን፣ የልጆቹን ትምህርትና የሥራ ድርሻቸውን ቁጭ ብለው እንደሚነጋገሩ ሁሉ፣ የሚዋደድ ሕዝብም ስለ መሬቱ፣ ስለ ወንበሩና ስለ በጀቱ በግልጽ ለመከራከር ከማንም የተሻለ አቅም አለው።

ስለዚህ ድሬዳዋን የሚወድ ሁሉ፣ ተወላጅም ይሁን እንግዳ፣ ውዳሴውን ከጥያቄ ጋር ማቅረብ ይኖርበታል። በየዓመቱ ሰኔ ሳይወጣ አስተዳደሩ በደቻቱና በሌሎቹ ደረቅ ወንዞች ዳር ስንት ቤተሰብ እንዳለ፣ ከተራራው የሚመጣው ማስጠንቀቂያ በማንና በምን መንገድ እንደሚደርሳቸው፣ ተነሺዎች የት እንደሚሠፍሩ ለሕዝብ እንዲያስታውቅ መጠየቅ አለበት፤ ሥልጣን በምን መለኪያ እንደሚከፋፈልም ከፓርቲ ጓዳ ወጥቶ በአደባባይ ክርክር ሊወሰን ይገባዋል። የድሬዳዋ ሕዝብ መዋደዱን ከመቶ ዓመት በላይ በኑሮው አስመስክሯል፤ ከእንግዲህ በፍቅሩ ልክ የሚያገለግለው አስተዳደር ይገባዋል፣ ይህንንም እንደ ውለታ ሳይሆን እንደ መብቱ መጠየቅ አለበት።